የጋሽ ፍሬን አዲሷ ተማሪ

ጋሽ ፍሬንን የማያውቅ መኪና ነጂ በሰፈራችን ካለ፣ ወይ መንጃ ፈቃዱን በአቋራጭ ያገኘ ነው ወይ ውሸታም ነው። ግማሹን ሰፈር መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ስም ያወጣንላቸውም እኛው ተማሪዎቻቸው ነን። የማስተማሪያ መኪና በአስተማሪው በኩልም አንድ ፍሬን አላት። ሌላው አስተማሪ ያችን ፍሬን የሚነካት የግድ ሲሆንበት ብቻ ነው። ጋሽ ፍሬን ግን ገና በሩን ሳይዘጉ እግራቸውን ይጭኑባታል፤ ትምህርቱ እስኪያልቅም አያነሱም። ዛፍ አይተው ይረግጣሉ። የዛፍ ጥላ አይተው ይረግጣሉ። አንድ ቀን ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናዋ ግቢ ውስጥ እንደቆመች ሲረግጡ በዓይኔ በብረቱ አይቻቸዋለሁ።

ይሄስ ባልከፋ። ደሜን የሚያፈላው ከረገጡ በኋላ የሚናገሩት ነው። መኪናዋ ተንገጫግጫ ቀጥ ስትል፣ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ሲያንባርቅብን፣ ወደ እኔ ዞር ይሉና «አየሽ? አጠፋሽው!» ይላሉ።

እኔ? ኧረ በፈጠራችሁ፣ እኔ ምን አደረግኩ?

«ጋሼ፣ የረገጡት እኮ እርስዎ ነዎት» ስላቸው፣ «እኔ ባልረግጥ የት ትደርሺ ነበር?» ብለው አፌን ያስይዙኛል። ሳይረግጡ ቀርተው ያያቸው ሰው የለማ!

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የሰፋሁትን መጋረጃ ከነዘንጉ ተሸክሜ የወንድሜን መኪና ደጅ መጥናት ቢሰለቸኝ ነው በዚህ ዕድሜዬ መንዳት ልማር ብዬ የተነሳሁት። ሦስት ጊዜ ተፈተንኩ፣ ሦስት ጊዜ ወደቅኩ። ፈታኙ ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «እመቤት፣ ፍሬን መቼ እንደሚያዝ አያውቁም።» ከየት አምጥቼ ልወቀው? የእኔ እግር እዚያ ከመድረሱ በፊት የእሳቸው ደርሶ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ጋሽ ፍሬን ስኳር አለባቸው፤ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ መርፌ የሚወጉ ሰው ናቸው። በሽታውንም የያዙት እንደ መኪናዋ ነው። ስኳራቸው ከፍ ሲል ይወጋሉ፣ ከፍ ሊል ነው ብለው ሲጠረጥሩም ይወጋሉ። ታዲያ ባለፈው ዓመት አደባባይ መሃል፣ አንድ ወጣት ተማሪ እየነዳ ሳለ፣ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሳቱ። እግራቸው እንደልማዱ ፍሬኑ ላይ ስለነበር መኪናዋ እዚያው ቀጥ አለች፤ ማንም አልተጎዳም። ለእሳቸው ይሄ ትልቅ ማስረጃ ነው። «ራሴን ስቼ እንኳ ረግጫለሁ» ይላሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ግን እንደዚያ አላየውም። ሐኪም አይቶ ካልፈረመላቸው በቀር የአስተማሪነት ፈቃዳቸው እንደማይታደስ አስታወቃቸው። ሐኪማቸው ደግሞ ለዛ የሌለው ወጣት ዶክተር ነው፤ «ይቺን የኢንሱሊን ፓምፕ ይሞክሯት። እሷን ይዘው ስኳርዎ መውደቁን ካቆመ እፈርማለሁ። ካላቆመ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልፈርምም» አላቸው።

ጋሽ ፍሬን ያለዚያች መኪና ምን ይሆናሉ? ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። አንድ ቅዳሜ ቤት ከዋሉ ባለቤታቸውን ሽንኩርት አከታተፍ ያስተምራሉ፤ ያውም ቢላዋ የያዘውን የሴትየዋን እጅ በላዩ ጨብጠው። ባለቤታቸው፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ግን አንድ ቀን መጋረጃ ልለካ ብቅ ስል በር ላይ ይዘውኝ፣ «እባክሽ ይቺ ነገር ትሥራለት። ሥራውን ካጣ እሱም ያብዳል፣ እኔም አብዳለሁ» ብለውኛል።

ፓምፗ እንዲህ ናት። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ተለቅ ትልና ወገብ ላይ ትንጠለጠላለች። ከእሷ የወጣ ቀጭን ቱቦ ሆድ ላይ እስከተለጠፈ ፕላስተር ይሄድና ኢንሱሊኑን ቀስ እያለ ያስገባል። ክንዳቸው ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ነገር ተለጥፋ ስኳሩን እያየች ለፓምፗ ትነግራታለች። ስኳሩ ሲጨምር ፓምፗ ኢንሱሊን ትጨምራለች፤ ሲወርድ መስጠቷን ታቆምና ትጮሃለች። ከእሳቸው የሚጠበቀው የሚበሉትን መንገርና እጃቸውን መሰብሰብ ብቻ ነው። እጅ መሰብሰብ! ለጋሽ ፍሬን!

የመጀመሪያው ሰሞን ጉድ ነበር። ከመኪና ሊወርዱ ሲሉ ቱቦዋ ከመቀመጫ ቀበቶው ጋር ተቆላለፈችና ግማሽ አካላቸው ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ቀሩ። «እንዳትነኪኝ! እንዳትነጂ!» ይላሉ። ቁልፉን ነቅዬ በእጄ ይዤዋለሁ፤ በምን ልንዳ? ሌላ ቀን አንዱ ተማሪ ወደኋላ እያቆመ ሳለ ፓምፗ «ጢጥ ጢጥ» አለች። ልጁ መኪናዋ ግድግዳ ልትገጭ ነው ብላ የምታስጠነቅቀው መስሎት በድንጋጤ ወደፊት ተፈተለከና የጎረቤት ቆሻሻ መጣያ ላይ ወጣ። ጋሽ ፍሬን እግራቸው ፍሬኑ ላይ ነበረ፤ ግን ያን ጊዜ ዓይናቸው ወገባቸው ላይ ነበር።

ቤት ውስጥም እንዲሁ። የምትከታተላቸው ሲስተር ገላቸውን ሲታጠቡ እንዲፈቷት ነገረቻቸው። ፈትተው ለባለቤታቸው ሰጡና «ያዢልኝ፣ እንዳትነኪያት» አሉ።

«ሳልነካት በምኔ ልያዛት?»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም፤ ያዢ፣ ግን አትንኪያት።»

ሴትየዋ በፎጣ ጠቅልለው፣ እንደታቀፉ፣ እሳቸው ታጥበው እስኪወጡ በር ላይ ቆሙ። ይህን ሲያጫውቱኝ ሁለታችንም ትን እስኪለን ሳቅን።

ጋሽ ፍሬን ፓምፗን «አዲሷ ተማሪ» ነበር የሚሏት። «ገና ጀማሪ ናት፤ አላምናትም» ይላሉ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ተጀመረ። በየቀኑ ረፋድ ላይ ስኳራቸው ይወርዳል፣ እሷም ትጮሃለች። ከመኪናው መሳቢያ ጭማቂ አውጥተው እየጠጡ፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ ድል እንዳደረገ ሰው ያዩኛል። «አላልኩሽም? ዛሬም አጠፋች!»

ሲስተር ግራ ገባት። ፓምፗ የመዘገበችውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አውጥታ አየች። ማታ ደህና፣ ከሰዓት ደህና፣ ረፋድ ላይ ግን ቁልቁል። መስጠቷን አቁማ ሳለ ስኳሩ ምን ነክቶት ይወርዳል? «በዚህ ሳምንት ካልተስተካከለ እንመልሳታለን» አለቻቸው። ፓምፗ ከሌለች ደግሞ ፊርማ የለም። ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው።

ያን ሳምንት ሐሙስ፣ የሆስፒታሉን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እየወጣሁ ነው። ጋሽ ፍሬን ዝም ብለዋል። ዝምታቸው ራሱ ደስ አላለኝም። ቀጥሎ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«እንዴት ያለሽ ጎበዝ ነጂ ነሽ!»

እኒህ ሰውዬ፣ ሳውቃቸው፣ አንድም ቀን አመስግነውኝ አያውቁም።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«መሪው ያምርብሻል» አሉ፣ እየሳቁ። ፓምፗ ከጃኬታቸው ስር «ጢጥ ጢጥ ጢጥ» ትላለች። «ተያት፣ ትዝፈን» አሉ። ቁልቁል ወደ እግራቸው አየሁ። ፍሬኑ ላይ የለም! ሁለቱም እግሮቻቸው እንደ ሕፃን እግር ተዘርግተዋል። ያን ጊዜ በቃ፣ ሰውዬው ሊሞቱብኝ ነው አልኩ።

እንዴት እንዳደረግኩት አላውቅም፤ ፍሬቻ አሳየሁ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተትኩ። መሳቢያውን ብከፍት የጭማቂው ካርቶን ባዶ ነው፤ ትናንት ጠጥተው መልሰው አስቀምጠውታል። ወይኔ ጉዴ! ከረሜላ ይኖር ይሆናል ብዬ የጃኬታቸውን ኪስ በረበርኩ። ከአንዱ ኪስ ከረሜላ ወጣ። ከሌላው ኪስ ደግሞ አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊንና አንድ መርፌ ወጣ።

ከረሜላውን አንድ በአንድ አፋቸው ውስጥ ከተትኩ፤ «ያኝኩ! ይዋጡ!» እያልኩ ጮህኩባቸው። ቀስ በቀስ ዓይናቸው ረጋ አለ፣ ላባቸውም ቆመ። የመጀመሪያ ቃላቸው «ለምን ቆምሽ? እዚህ መቆም ክልክል ነው» የሚል ነበር። እፎይ! ጋሽ ፍሬን ተመለሱ።

ይኸኔ መርፌውን አፍንጫቸው ስር ያዝኩላቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የድሮ ነው።»

«የድሮ ከሆነ ጫፉ ለምን እርጥብ ሆነ?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ጠዋት ከቁርስ በኋላ ትንሽ እጨምርላታለሁ።»

«ለማን?»

«ለፓምፗ ነዋ። ለማገዝ ያህል። ስኳሩ ሲወጣ እያየሁ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? እሷ እንደሆነች ቀስ ነው የምትለው።»

ቆሽቴ አረረ። መኪናው ውስጥ ስጮህ እግረኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«በላይዋ ደርበው የሚወጉት እርስዎ! ስኳሩን የሚጥሉት እርስዎ! ከዚያ ‹አጠፋች›! እሷ መርፌውን የት አየችውና ትጠንቀቅ? እኔንም እኮ እንደዚሁ ነው ያደረጉኝ! እርስዎ ረግጠው ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ‹አጠፋሽው› ይሉኛል። ሦስት ጊዜ ወደቅኩ! ዕድሜ ልኬን መጋረጃ በትከሻዬ ልሸከም?»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

«ፈርቼ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን አደባባዩ ላይ ስነቃ ልጁ አጠገቤ ያለቅስ ነበር። የገደለኝ መስሎት። ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህማ ጭራሽ እኔ ካልያዝኩት የሚቆም ነገር ያለ አይመስለኝም።»

አንጀቴን በሉኝ። ግን አልተረታሁም፤ «አሁኑኑ ለሲስተር ሄደው ይነግሯታል» አልኳቸው።

«ብነግራት ዶክተሩ ይፈርምልኛል? ‹ይሄ ሰውዬ መርፌ ደብቆ የሚወጋ ነው› ብሎ ያሰናብተኛል እንጂ። ዝም ብል ደግሞ ተበላሽታለች ብለው ሌላ ይቀይሩልኛል። ከዚያ መርፌዬን ጥዬ ‹ሀ› ብዬ እጀምራለሁ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ!»

«አንቺ ትናገሪብኛለሽ?»

እናገራለሁ እንዳልል፣ እንጀራቸው ነው። ሞተሩን አስነሳሁና ሲስተር ወደምትሠራበት ክሊኒክ ነዳሁ።

እግራቸው ገና ስላልጠነከረ ከመቀመጫው ስር ሰብስበውታል። እንዲህ ሆነው አብረን ስንሄድ የመጀመሪያችን ነው። ገበያው ጥግ ስንደርስ አንድ ባለጋሪ ብርቱካኑን እየገፋ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ፣ ፊታችን ድንቅር አለ። ጋሽ ፍሬን ጉልበታቸውን ጨበጡ። ቆምኩ። መኪናዋ ሳትንገጫገጭ ቆመች፤ ሞተሩም አልጠፋ። ሰውዬው ጋሪውን እየገፋ አለፈ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም።

ጋሽ ፍሬን ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። «ማነው የያዘው?»

«ማን ሊሆን ነው? እኔ ነኛ!»



ክሊኒኩ ስንደርስ ሲስተር በር ላይ ተቀበለችን። «ጋሼ፣ እንኳን መጡ! ልደውልልዎ ነበር» አለች፣ ደስ ብሏት። «ጉዳዩን ጨርሼልዎታለሁ። ማሽኗ ብልሽት አለባት፣ ይቀይሩልዎታል። ጥፋቱ የእርስዎ ስላልሆነ ዶክተሩ እስካሁን የወደቀውን አይቆጥርብዎትም። አዲሷን ዛሬ እንገጥምና በሳምንቱ መጨረሻ ይፈርምልዎታል።»

ያውላችሁ እንግዲህ! ሰውዬው ሳይለምኑ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ቀረበላቸው። እኔ ምላሴን ነክሼ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአትክልት ሥዕል አያለሁ። ጋሽ ፍሬን ፓምፗን ከወገባቸው ፈቱ። ዘረጉላት። ሲስተር ያዘቻት። እሳቸው ግን አልለቀቁም። በአንደኛው ጫፍ እሷ፣ በሌላው እሳቸው፣ ሁለቱም ይዘው ቆሙ።

«ጋሼ፣ ይልቀቁ እንጂ።»

«አልተበላሸችም» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ማሽኗ ምንም አልሆነችም። በየጠዋቱ በላይዋ ደርቤ የምወጋ እኔ ነኝ።» መርፌውንና ብልቃጡን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ይቺ ሥራዋን ሠርታለች። ሳወርደው አቁም አቁም እያለች ስትጮህብኝ ነው የከረመችው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እሷንም ሦስቱንም ጊዜ የጣልኳት እኔ ነኝ።»

ሲስተር ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እኚህ ደግሞ… ስኳር አለባቸው እንዴ?»

«ኧረ እኔ መጋረጃ ነው የምሰፋው!» አልኩ። የማልቅሰውም የምስቀውም ጠፋኝ።

ሲስተር ገብቷት ስትቆጣ እንዲህ ያለ ቁጣ አይቼ አላውቅም። እንደ ልጃቸው የምትሆን ሴት ቁማ ገሠጸቻቸው፤ «ሞተው ቢሆንስ? ሰው ይዘው ሞተው ቢሆንስ?» እያለች። ዶክተሩ ተጠርቶ መጣና ሰማ፤ የፈራነውን ያህል ግን አልጮኸም። «አልፈርምም» አለ፣ በዚያው ለዛ በሌለው ድምፁ። «አንድ ወር ማስተማር የለም፣ መርፌ የለም፣ እሷ ብቻዋን ትሥራ። ከዚያ እናያለን። ባይነግሩን ኖሮ ግን አዲሷንም ይዘው እዚያው ዳገት ላይ ይቀሩ ነበር።»

አንድ ወር! ለጋሽ ፍሬን አንድ ወር ቤት መዋል ማለት ለጎረቤትም ቅጣት ነው። የበር ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ጠጣ። ከሽንኩርት አከታተፍ አልፈው ካሮት ላይ ደረሱ። ፓምፗ በጮኸች ቁጥር እጃቸው ወደ ኪሳቸው ይሄድና ተዘግቶ ሲያገኘው ይመለሳል። ባለቤታቸው ኪሶቹን በሙሉ ሰፍተው ዘግተውባቸዋል፤ ክሩንና መርፌውን ያበደርኳቸው እኔ ነኝ። እኔ በበኩሌ በዚያው ወር አራተኛ ፈተናዬን ተፈተንኩ። ፈታኙ ፊቱን ሳይፈታ «አልፈዋል» ብሎ ወረቀቱን ወረወረልኝ።

ቀጠሮው ሲደርስ በወንድሜ መኪና ከነባለቤታቸው የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ፍሬን ከኋላ ተቀመጡ፤ ፊት እንዲቀመጡ አልፈቀድኩም። ዶክተሩ ኮምፒውተሩ ላይ ረጅም ሰዓት አፈጠጠ፣ ወደላይ ወደታች አደረገ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞረ።

«ሌሊትስ እንዴት ናቸው? ያልባቸዋል? ይቃዣሉ?»

«አላውቅም፣ ዶክተር» አሉ ባለቤታቸው።

«እንዴት አያውቁም? አብረው አይደል የሚተኙት?»

ሴትየዋ አንገታቸውን ደፉ፤ ጥፋት እንደተገኘበት ሰው ፊታቸው ቀላ። «ተኝቼ ነበር» አሉ። «ድሮ ቢጠይቁኝ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ምን ምን እንዳደረገው እነግርዎ ነበር። እየተነሳሁ ግንባሩን እዳስሰዋለሁ። ቀዝቅዞ ላብ ካለው ከእንቅልፉ ሳይባንን ስኳር በጥብጬ በማንኪያ አቀምሰዋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ነው። አሁን ግን ይቺ ትጮሃለች ብዬ… ተኛሁ። ወሩን ሙሉ ተኛሁ። አያስቀይምዎት።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አነሳና ፈረመ። ወረቀቱን ወደ ጋሽ ፍሬን ገፋላቸው። እሳቸው ግን አላዩትም፤ ዓይናቸው ሚስታቸው ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ትነሺ ነበር?» አሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት? ለምን አልነገርሽኝም?»

ባለቤታቸው የቦርሳቸውን ማንገቻ እያስተካከሉ ተነሱ።

«ብነግርህ አንተም አትተኛም ነበራ።»